ሰባት ሰዓት ምድጃ ውስጥ ቆይቶ ያልመከከው ቦሎቄ

ዐቢይ ጾም ነበር። ጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ማታ ላይ አስተናጋጁ መጥቶ፣ በማግሥቱ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ስምንት እንግዶች እንዳሉ ነገረኝ። ውጭ አገር ያደጉ ያገራችን ልጆች ናቸው፣ ጿሚዎች። ገዳማቱን ተሳልመው 9 ሰዓት ላይ ሲመለሱ በምድጃ ቀስ ብሎ የበሰለ ቦሎቄ መብላት ያምራቸዋል፤ የቆርቆሮውን ሳይሆን ቤት ውስጥ የተሠራውን። «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ምግቡን በወሬ አውቀዋለሁ። ቦስተን አካባቢ የነበሩ የጥንት ፕሮቴስታንቶች በሰንበት እሳት ላለማንደድ ሲሉ ቅዳሜ ይጥዱትና ሲንተከተክ ያድራል። እነሱ የአሳማ ሥጋና ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ያገቡበታል። እኛ ዘንድ ሞላሰስ የሚታወቀው በከብት መኖነቱ ስለሆነ በማር ለመተካት አሰብኩ፤ በሥጋው ፈንታ ዘይት።

ቦሎቄውን ማታ ዘፈዘፍኩት። መጋዘን የቀረው ነጩ ኪሎ አልሞላ ቢለኝ ጎደሎውን በቀይ ሞላሁት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውኃውን አንጠፍጥፌ፣ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲም ድልህ፣ ከማር፣ ከሰናፍጭና ከኮምጣጤ ጋር ትልቅ ድስት ውስጥ አድርጌ፣ ከድኜ 100 ዲግሪ ባለው ምድጃ ከተትኩት። ዝግታው ነው የሚያጣፍጠው ብዬ ክዳኑን አንድም ጊዜ አልከፈትኩም።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ከፈትኩት። ላዩ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ የማሩና የሰናፍጩ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። አንዷን ፍሬ አንስቼ በጥርሴ ስነክሳት ቀጭ አለች። ሌላዋን በጥፍሬ ለሁለት ከፈልኳት። ልጧ ለስልሷል፣ መሐሏ ግን ነጭ ጠመኔ ይመስላል። ሰባት ሰዓት ሙሉ! ጀልባው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

የጾም ወጡን የምትሠራው እትዬ መጣችና ድስቱን አየችው። አንዷን ፍሬ በጣቷ ጫን ብላ ተወቻት።

«ቲማቲሙን መቼ ነው ያገባኸው?»

«አብሮ ነዋ እትዬ፣ ከመጀመሪያው።»

«ሳይመክክ? ኮምጣጣ እኮ ያደርቀዋል ልጄ።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀዩን መጀመሪያ አንፈቅፍቀኸዋል?» አለችኝ።

አላንፈቀፈቅኩትም። ፊቴን አይታ አወቀች። «እንኳንም ሳይመክክ ቀረ። ለስልሶ ቢሆን ልታቀርብላቸው ነበር» አለችና ድስቱን ራሷ አንስታ ወስዳ ደፋችው። ለእንግዶቹ ሽሮና ምስር ወጥ ነበረ፣ እሱን በሉ። እኔ ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ «ሐሙስ እስክንሄድ ጊዜ አለ» አሉኝ።

የእትዬ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እሷ ከእናቷ የሰማችው ያልፈላ አደንጓሬ እንደሚያስመልስ ነው። አንብቤ ሳጣራ እውነቷን ሆኖ አገኘሁት። ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በቀዩ ይብሳል፣ ነጩም ጨርሶ የለውም አይባልም። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውን ሊያስመልስና ሊያስቀምጥ ይችላል። የሚጠፋው ውኃው በደንብ ሲንፈቀፈቅ ነው፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይላሉ። ለብ ባለ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ማቆየት አያጠፋውም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ግማሽ ሰዓት አንፈቀፍቀዋለሁ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃም ደፍቼ በአዲስ ውኃ ነው። ስምንት ሰው ያለ ሐሳብ ዘጌ ደርሶ ሲመለስ እኔ ምን ላበላው እንደነበር ሳስብ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

የድርቀቱ ምክንያት ሌላ ነው። የፍሬውን ሥጋ አያይዞ የሚይዘው ነገር በኮምጣጣ ውስጥ አይላላም፤ ስኳርና ማርም ያዘገዩታል። የከረመ ቦሎቄ ከሆነ ደግሞ ከናካቴው ያስቸግራል። ብዙዎቻችን የምንፈራው ጨው ግን በሐሰት ነው የተከሰሰው፤ የመዘፍዘፊያው ውኃ ውስጥ ትንሽ ጨው ቢገባ ልጡን ያለሰልሰዋል።

ረቡዕ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ቤቴ ኦቨን የለም፣ ያለኝ ከሰል ማንደጃና የሸክላ ድስት ነው። የዘንድሮ ምርት መሆኑን ሻጭዋን ጠይቄ የገዛሁትን ግማሽ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ ማታውን ዘፍዝፌ፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት አንፈቀፈቅኩት፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሼ አንድ ሰዓት ያህል ተንተከተከ። ያ ነጭ ቦሎቄ ከስምጥ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የቆርቆሮ ፋብሪካዎችም ይላካል፤ እንግዶቹ በልጅነታቸው ከቆርቆሮ የበሉት የእኛው ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ደስ አለኝ። ሲለሰልስ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ማንኪያ ማር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ዘይት ጨምሬ፣ ከድኜ ረመጡ ላይ አራት ሰዓት አቆየሁት። እየከፈትኩ ውኃ ሲያንሰው የሞቀ ጨመርኩበት። ኮምጣጤዋ የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። መረቁ ወፈረ፣ ፍሬው ግን አልፈረሰም።

ሐሙስ በጠዋት ሥራ ቦታ ሌላ ድስት ጣድኩ። ቲማቲሙን ልጨምር ስል እትዬ እጄን ያዘችኝ። በማንኪያ ጥቂት ፍሬ አወጣችና እፍ አለችበት። የፍሬው ልጥ ተሰንጥቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ወደ ኋላ ተጠቀለለ።

«አሁን አምጣ» አለችኝ።