ደጅ ጥናት በኦሃዮ፦ የልጄን ትምህርት ቤት ሎቢስቶች እንዴት እንደተከታተልኩ

ልጄ ከእኔ ጋር ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ ይገፋል። ስልኬ ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ መተግበሪያ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው ይላል። አረንጓዴ ምልክት አለበት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ልጁን አየሁት፣ ስልኩን አየሁት። "ኮምፒውተሩን ጠዋት ከፍቼ ነው የመጣሁት" አለኝ እንደ ቀልድ፣ ኮርንፍሌክሱን እያነሳ።

ይሄ በ2022 መጨረሻ ነው፣ በፈረንጆቹ። የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። እኔ ሌሊት መጋዘን እሠራለሁ፣ ልጁ አስም አለበት። አውቶቡስ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁና የኦንላይን ትምህርት ቤት አስገባሁት። ነፃ ነው፣ ኮምፒውተርም ይልካሉ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ጥሩ አስተማሪዎችም ነበሩት።

ከሱፐርማርኬቱ ስመለስ ደወልኩና አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ልጄ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደተማረ ነው የምትቆጥሩት? ወደ ሌላ ሰው አስተላለፉኝ። እሷም ወደ ሌላ። ሦስተኛዋ "ስቴቱ ባወጣው ደንብ መሠረት ነው" ብላ ዘጋችው። ደንቡን ማን ነው ያወጣው? ኦሃዮ ውስጥ ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስኖር አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም ነበር።

ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያገኘሁት የኢኮትን ታሪክ ነው። እዚህ ከተማ የቆየ ሰው ያስታውሰዋል። ኢኮት በ2000 የተከፈተ፣ በኋላ በኦሃዮ ትልቁ የሆነ የኦንላይን ቻርተር ትምህርት ቤት ነው፤ ቻርተር ማለት በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን በግል የሚተዳደር። መሥራቹ ዊሊያም ሌገር ይባላል። ትምህርት ቤቱ በወረቀት ለትርፍ የሚሠራ አይደለም። ግን ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረውና ሶፍትዌሩን የሚሸጥለት የሌገር የራሱ ኩባንያዎች ነበሩ። የግብር ከፋዩ ገንዘብ በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው በር ወደ ኩባንያዎቹ ይወጣል። ሌገር ደግሞ ባለፉት ዓመታት ለፖለቲከኞች ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቷል፣ አብዛኛው ለሪፐብሊካኖች። በ2010 የትምህርት ቤቱ ምረቃ ንግግር አድራጊ የቀድሞው የፍሎሪዳ ገዢ ጄብ ቡሽ ነበሩ። በ2011 የኦሃዮ ገዢ ጆን ኬሲክ። የምረቃ ፎቶዎቹን ሳይ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አገር ቤት ሪባን የሚቆርጡ ባለሥልጣናት ትዝ አሉኝ።

ከዚያ ስቴቱ ቆጠራ ጀመረ። ለ2015-16 የትምህርት ዘመን ኢኮት ወደ 15,300 የሙሉ ጊዜ ተማሪ አለኝ ብሎ ገንዘብ ተቀብሏል። በመዝገብ ሊረጋገጥ የቻለው ወደ 6,300 ብቻ። 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መልስ ተባለ። የኢኮት ክርክር ምን ነበር መሰላችሁ? ሕጉ የሚለው በዓመት 920 ሰዓት የመማር ዕድል አቅርቡ ነው፣ ተማሪው ተማረም አልተማረም የእኛ ጉዳይ አይደለም። ወጡን ሠርቼ አቅርቤያለሁ፣ ባይበሉትም ሂሳቡን ክፈሉኝ እንደማለት ነው። ይሄ ክርክር የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2018 ተሸነፈ። ትምህርት ቤቱ ግን ከዚያ በፊት፣ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ተዘግቷል። በዓመቱ አጋማሽ ወደ 12,000 ልጆች ትምህርት ቤት አልባ ሆኑ።

ያንን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር አልለቀኝ አለ። ያ ሁሉ ሲሆን አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ገንዘቡም ስጦታውም የተደበቀ አልነበረም፣ ሁሉም መዝገብ ላይ ነበረ። ታዲያ የዛሬውስ መዝገብ የት ነው?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ይሄን ለማስረዳት ስንገዳገድ (ሎቢስት ማለት እንትን፣ እንትን እያልኩ) አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። "ደጅ ጥናት ነዋ! ምን ታንዛዢዋለሽ" አሉኝ። ልክ ናቸው። ድሮ ሹመት ወይም ርስት የፈለገ ሰው ቤተ መንግሥት በር ላይ ወራት ይከርማል፤ እየታየ፣ እጅ እየነሳ፣ ስሙ እስኪታወስ። የሎቢስት ሥራ ያው ነው፣ በሕግ አውጪዎች ደጅ። ልዩነቱ ደጅ ጠኚው በደመወዝ መቀጠሩና መመዝገቡ ነው።

ኦሃዮ ውስጥ ሎቢስትና ቀጣሪው የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ ኦላክ ይባላል። ማንም ገብቶ የኩባንያ ስም መፈለግ ይችላል። ሪፖርት በዓመት ሦስት ጊዜ ይገባል፣ በጃንዋሪ፣ በሜይና በሴፕቴምበር መጨረሻ። የትኛው ረቂቅ ሕግ ላይ እንደሠሩ በቁጥር ታገኛላችሁ፣ ምሳ ከጋበዙም እሱን። ሎቢስቱ ስንት እንደሚከፈለው ግን አይገኝም፣ ሕጉ አያስገድድም። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት አፍጥጬ የቡናና የሳንድዊች ወጪ ብቻ ሳገኝ በጣም ተናደድኩ። የምፈልገው ከረጢት ሙሉ ብር ነበራ።

ቀጥዬ የምርጫ መዋጮ ወደሚመዘገብበት ወደ ስቴቱ ሴክሬታሪ ድረ ገጽ ሄድኩ። የልጄን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረውን ኩባንያ ስም ጻፍኩ። ዜሮ። በቃ፣ እነዚህ ንጹህ ናቸው ብዬ ዘጋሁት። አይ የኔ ነገር! ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ጎረቤት አለችኝ፣ ስነግራት ሳቀች። በኦሃዮ ሕግ ኮርፖሬሽን ለዕጩ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት አይችልም። የሚሰጡት ሰዎቹ ናቸው፣ በራሳቸው ስም፣ ወይም ፓክ በሚባለው የፖለቲካ ፈንድ በኩል። ስለዚህ የኃላፊዎቹንና የቦርድ አባላቱን ስም አንድ በአንድ መጻፍ፣ "ቀጣሪ" የሚለውንም ዓምድ ማየት ያስፈልጋል። የሌገርም ስጦታ የታወቀው በስሙ ስለተመዘገበ ነው። ሦስት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስሞቹን ኤክሴል ላይ ደረደርኩ። ከዓመተ ምህረቱ አጠገብ የረቂቅ ሕጉን ቁጥር ሳስቀምጥ ነገሩ መልክ ያዘ።

መልክ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። የተወካያችን ቢሮ ደወልኩና ለረዳቱ "ይሄ እኮ ጉቦ ነው" አልኩት። ረዳቱ በጣም ትሁት ነበር። ሁሉም በሕግ የተፈቀደና ሪፖርት የተደረገ መሆኑን ነገረኝና አመስግኖ ሸኘኝ። ከዚያ በኋላ ያ ቢሮ ስልኬን አላነሳም። እውነቱን ለመናገር ረዳቱ ልክ ነበር። ጉቦ ማለት ሌላ ነው፣ እኔ ማስረጃ የሌለኝ ነገር። ያለኝ ቀን፣ መጠንና የሕግ ቁጥር ነበር። እሱን ብቻ ይዤ ብደውል ኖሮ ቢያንስ ጥያቄዬን ይመዘግብልኝ ነበር።

በ2023 ጸደይ የሁለት ዓመቱ በጀት መጣ፣ ሐውስ ቢል 33 (ከታችኛው ምክር ቤት የሚነሳ ረቂቅ ሕግ ሐውስ ቢል ይባላል)። በኦሃዮ የትምህርት ፖሊሲ ከሁሉ በላይ የሚለወጠው በበጀት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢገባ ማን ያየዋል? አንዳንዴ በጀትም አያስፈልግ። በ2015 ሐውስ ቢል 70 የሚባል አጭር ረቂቅ ነበረ፣ ስለ ማኅበረሰብ መማሪያ ማዕከላት። በአንድ የጁን ቀን ከ60 ገጽ በላይ ማሻሻያ ተጨመረበትና እዚያው ቀን አለፈ። ያንግስታውን የምትባል የኦሃዮ ከተማ የመረጠችው የትምህርት ቦርድ ሥልጣኑን በዚያ ሕግ አጣ።

የሴኔቱ ፋይናንስ ኮሚቴ ላይ ለመናገር ተመዘገብኩ። ጽሑፉን ከ24 ሰዓት በፊት መላክ ግዴታ ነው። የምስክር ቅጹ ማንን እንደምትወክሉ ይጠይቃል፣ ድርጅት ወይስ ራሳችሁን። "ራሴን" የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ ትንሽ ብቸኝነት ተሰማኝ። የምጠይቀው አንድ መስመር ነው፦ የኦንላይን ትምህርት ቤቶች ልጁ በእርግጥ የተማረበትን ሰዓት በየሳምንቱ ለወላጅ ይላኩ፣ ወላጁ በሚያነበው ቋንቋ።

ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ሄድኩ። ከሕንጻው ሥር ያለው ፓርኪንግ ውስጥ አቆምኩ፣ ወጪውን አትጠይቁኝ። አምስት ሰዓት ጠበቅኩ። ከፊቴ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ስሙ ኤክሴሌ ላይ አለ። ጥበቃውን በስሙ ይጠራዋል። የኮሚቴዋን ጸሐፊ ስለ ልጇ ምረቃ ጠየቃት። አንዴም ማይክሮፎን አልነካም። በየመሀሉ ይነሳል፣ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከአንድ የሴናተር ረዳት ጋር ይቀመጣል፣ አንዲት ወረቀት ያሳያታል፣ በጣቱ አንድ መስመር ይነካል፣ ተመልሶ ይገባል። አሥር ደቂቃ አይሞላም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። አንዱ ሴናተር ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁለቱ ስልካቸውን ያያሉ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የሱፐርማርኬቱን ታሪክ ግን ተናገርኩ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።

ቀጥሎ ያገኘሁት መሣሪያ ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ ስድስት ወር ባላባከንኩ። የሕግ አውጪው የጥናት ቢሮ ለበጀቱ ማነጻጸሪያ ሰነድ ያወጣል፣ በዓምድ በዓምድ፦ ገዢው ያቀረበው፣ ታችኛው ምክር ቤት ያሳለፈው፣ ሴኔቱ ያሳለፈው፣ በመጨረሻ የጸደቀው። አሰልቺ ነው፣ ግን ወርቅ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ኤድቾይስ የሚባል ቫውቸር አለ፣ መንግሥት ለልጁ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰጠው ገንዘብ። የቤተሰቡ የገቢ ጣሪያ የድህነት መስመሩ 250 በመቶ ነበር። ገዢ ማይክ ዲዋይን 400 ይሁን አሉ። ታችኛው ምክር ቤት 450 አደረገው። ሴኔቱ ጣሪያውን ጨርሶ አነሳው፤ እስከ 450 ሙሉ ገንዘብ፣ ከዚያ በላይ ላለው እየቀነሰ። የጸደቀው እሱ ነው፦ እስከ 8ኛ ክፍል 6,165 ዶላር፣ ለሁለተኛ ደረጃ 8,407። እያንዳንዱ እርምጃ በየትኛው ዓምድ እንደመጣ ካያችሁ፣ በየትኛው ሳምንት የማን በር ላይ መቆም እንደነበረባችሁም ታያላችሁ።

ይህን ሁሉ ያደረገው ኩባንያ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ለቫውቸሩ የሃይማኖት ተቋማት ደጅ ጠንተዋል። የመምህራን ማኅበራትም በተቃራኒው በር የራሳቸው ሎቢስት አላቸው። ቫውቸሩን የሚጠቀሙ የእኛ ቤተሰቦችም አሉ፣ አልፈርድባቸውም። በ2025 ጁን አንዲት የፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛ ኤድቾይስ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈርደዋል፤ ይግባኝ ስለተባለ ግን ፕሮግራሙ አልቆመም።

የእኔ መስመር? አራቱንም ዓምድ ፈተሽኩ። የለችም። ውሃ በላት።

ልጄን ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት መለስኩት፣ ኢንሄለሩን ለነርሷ ሰጥቼ። ኤክሴሉን ግን አልዘጋሁትም። አሁን አራት እናቶች ነን፣ ስሞቹን ተከፋፍለናል። አንዷ ኦላክን ትይዛለች፣ ሌላዋ መዋጮውን። የበጀቱ ማነጻጸሪያ ሰነድ ሲወጣ ቡና አፍልተን አብረን እናነባለን። የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ በሳቅ ነው የሚያልቀው።

በ2025 በጀት፣ ሐውስ ቢል 96 ሲመጣ፣ ማይክሮፎኑ ጋ አልሄድኩም። ኮሪደሩ ላይ፣ ያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ አንድ ወረቀት ይዤ፣ አንዷን መስመር በቢጫ አስምሬ። ሁለት ቀን ማንም አላናገረኝም። ሦስተኛው ቀን የሴናተሩ ረዳት ቡናዋን ይዛ ስታልፍ ቆመች።

"አንቺ የሱፐርማርኬቱ ልጅ እናት አይደለሽም?" አለችኝ። ወረቀቱን ተቀበለችና ቆማ አነበበችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ማክሰኞ ስንት ሰዓት እንደሚመቸኝ ጠየቀችኝ።