«ኖርማል ነው»

ሐሙስ ጠዋት ነው። ከዎርዱ አራት በሽተኛ ይወጣል፤ አልጋ የሚጠብቁ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ተደርድረዋል። እኔ የመውጫ ወረቀት እሞላለሁ። የሦስት ቁጥሯ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፌስታሉን ቋጥራ ጨርሳለች።

የጠዋቱ የኩላሊት ምርመራ መጣ። ክሬያቲኒን፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ 1.2። ጎኑ ላይ የታተመው መደበኛ መጠን ከ0.6 እስከ 1.2 ይላል። ኮከብ የለው፣ ቀስት የለው። «ኖርማል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አስር ሰከንድ ቢፈጅብኝ ነው።

እማማ የመጡት እሑድ ማታ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ «ጨጓራዬ ነው» እያሉ ተልባ ሲጠጡ ከርመው፣ ላብ አጥምቋቸው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው ልጃቸው ያመጣቻቸው። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ኢሲጂ ተለውጧል፤ ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚገባው ትሮፖኒን ከፍ ብሏል። ሃርት አታክ ነበር። ከዚህ ዎርድ ስንቱ በጨጓራ ስም አልፎ እንደሚመጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሰኞ ኢኮ ተነሡ። ኢኮ ልብ በአንድ ምት ከያዘችው ደም ስንት እጁን እንደምትገፋ ያሳያል። የእሳቸው 40 ከመቶ ሆነ። ልጃቸው ይህን ስትሰማ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፈተና መስሏታል፤ ከመቶ አርባ፣ ወደቀች ማለት ነው። የጤነኛ ሰው ልብም ቢሆን መቶ እንደማያመጣ፣ ከ55 እስከ 70 ቢሆን ደህና እንደሚባል ነገርኳት። እንባዋን ጠርጋ «ታዲያ አስራ አምስት ብቻ ነው የቀራት?» አለችኝ። ሳቄ መጣ።

ማክሰኞ አንጂዮግራፊ ተሠራላቸው። በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ቀለም እየተረጨ የልብ ደም ሥሮች በራጅ ይታያሉ። አንዱ ጠብቦ ነበርና ተከፍቶ ስቴንት፣ ደም ሥሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ገባለት። ቀለሙ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ከፊትም ከኋላም ክሬያቲኒን የምንለካው ለዚህ ነው። ክፋቱ ደግሞ፣ ቀለሙ ኩላሊት ከጎዳ የዚያኑ ዕለት አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ነው ብቅ የሚለው። ያኔ በሽተኛው ደረቱ ተሽሎት ቤቴ ቤቴ ይላል።

ስልኩ ጮኸ። የላቦራቶሪው ባልደረባችን ነው።

«ሲስተር፣ የሦስት ቁጥሯ እናት ወጡ እንዴ?»

«አሁን ወረዱ። ምነው? ኖርማል ነው እኮ።»

«ኖርማልማ ነው። የማክሰኞውን አይተሽዋል?»

ቻርቱን ገለጥኩ። የማክሰኞው ወረቀት ከስምምነት ፎርሙ ሥር ተቀብሯል። 0.8። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ንጹሕ፣ ሁለቱም ኖርማል። በ48 ሰዓት ውስጥ ክሬያቲኒን በ0.3 ከጨመረ ግን ኩላሊቱ ድንገተኛ ጉዳት ደርሶበታል ይባላል፤ መስፈርቱን ትምህርት ቤት ሸምድጄዋለሁ። የእሳቸው በ0.4 ጨምሯል። ክሬያቲኒን ከጡንቻ ነው የሚመጣው። ብረት ለሚያነሣ ጎረምሳ 1.2 ምንም አይደለም። እንደ እማማ አጥንታቸው ለሚቆጠር አሮጊት ግን ሌላ ወሬ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ታክሲው በሩ ላይ ነበር። ጥበቃው እጁን ዘርግቶ ባያስቆመው ኖሮ አመለጡኝ። በፌስታሉ ውስጥ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አለ። ለደከመ ልብ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ኩላሊት በተጎዳበት ሳምንት ከተጀመሩ ግን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ወደ ላይ ሊሰዱት ይችላሉ። ከፍ ያለ ፖታሲየም ደግሞ ልብን ቀጥ ያደርጋል። ከሥራቸው አንድ ስትሪፕ ዳይክሎፌናክ ወጣ። ሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለተጎዳ ኩላሊት ግን ጠንቅ። «ለጉልበቴ ነው፣ ሰፈር ካለው ፋርማሲ» አሉ እማማ።

«ውኃስ ይጠጣሉ?» አልኳቸው።

«እጠጣለሁ ልጄ።»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ሁዳዴ ነው። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ በአፋቸው አልዞረም። ቁርሱን ልጃቸው ስትበላላቸው ከርማለች። እንዳንቆጣ ብለው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት «ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ቀለሙ እንዲወጣ» ብያቸው «እሺ» ብለውኝ ነበር። እሺ ማለት እሺ መሰለኝ።

የገባና የወጣ ፈሳሽ የሚመዘገብበትን ቅጽ አወጣሁ። ስንት ጠጡ፣ ስንት ሸኑ በሚሊ ሊትር መጻፍ አለበት። የረቡዕ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ። «በቂ»። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ዶክተሩ ሲመጣ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዳይክሎፌናኩን አስጣለ፣ ሁለቱን መድኃኒቶች አቆያቸው። ጉሉኮስ ክንድ ላይ ሰክቶ መልቀቅ ደግሞ አይቻልም፤ ልቡ 40 ነው፣ ውኃው ሳንባ ላይ ይተኛል። በቀስታ እየሰጠ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ሳንባቸውን እያዳመጠ ቀጠለ። እማማ ግን በአፍ አልጠጣም አሉ። መጨረሻ ላይ ልጅቱ የንስሐ አባታቸውን ደወለችላቸው። ስልኩ በላውድ ነበር። «የታመመ አይጾምም፣ የታዘዙትን ይጠጡ» ሲሉ ዎርዱ ሁሉ ሰማ። እማማ አማትበው ብርጭቆውን አነሡ።

ዓርብ 1.5 ደረሰ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ቅዳሜ 1.4። ሰኞ 1.0 ሲሆን ወጡ።

ላቦራቶሪውን የድሮውን ውጤት ከአዲሱ ጎን አትሙልን ብለን ነበር፤ ሶፍትዌሩ አይችልም ተባልን። እስከዚያ እኔ በቀይ እስክሪፕቶ የፊተኛውን ቁጥር እጽፍበታለሁ። ባልደረቦቼ «አስተማሪ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ኢናላፕሪሉ በትንሹ ተጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ለምርመራ መጡ። ክሬያቲኒን 0.9፣ ፖታሲየም 4.4፤ ሁለቱም ደህና። ልጅቱ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ መጀመሪያ ያየችው ቀዩን ቁጥር ነው። እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ያ ውኃ ግን አሁንም ግድ ነው?» አሉኝ።