በከሰል የተሳለ ውሃ

ለረጅም ጊዜ በሆዴ ይዤው የቆየሁት ሥዕል አለ፣ ሐረር አጠገብ ስላለው ሐሮማያ ሐይቅ። ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከፎቶ ላይ መሳል አልፈለግኩም። ከፎቶ ሲሳል ሚወጣው ያው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው፣ ደረቀ የተባለን ሐይቅ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው ሚስለው፣ የከብት አጥንት ምናምን ጨምሮበት። ደግሞ ሐሮማያ አሁን ውሃ አለው፣ ከጠፋ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሷል። ታዲያ ውሃው ከተመለሰ የጠቆረ፣ የሚጮህ ሥዕል ለምን ትስላለህ አለኝ አንድ ጓደኛዬ። መልሱ እዛው ቦታው ላይ ነው ያለው ብዬ ወረቀቴን ጠቅልዬ ወደ ድሬዳዋ ሄድኩ።

ወደ ሐይቁ ከመውጣቴ በፊት ድሬ ማደር የፈለግኩት በደቻቱ ምክንያት ነው። ደቻቱ በበጋ ወንዝ አይመስልም፣ አሸዋ ነው፣ ሰው በመሃሉ ያቋርጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፌስታሉ ጥግ ጥግ ላይ ተከምሯል። ግን በ1998 ሐምሌ ሲያልቅ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የበላው በዚሁ አሸዋ ላይ ነው። ዳር ላይ ሻይ ምትሸጥ አንዲት እናት አገኘሁ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ስጠጣ የምሠራውን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታኝ "እኛ እኮ ውሃ አላየንም ልጄ" አለችኝ፣ "መብራት የለ፣ ጨለማ ነው፣ ድንጋይ ነው የሰማነው። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ። እኛ ጋ ያን ያህል ዝናብ እንኳን አልነበረም፣ ላይ ነው የዘነበው አቦ።"

ላይ ነው የዘነበው። ይቺ አነጋገር ሥዕሉን ቀየረችው። ምክንያቱም "ላይ" ያለችው ተራራ ከደንገጎ ጀምሮ ወደ ሐሮማያ ሚወስደው ያው ተራራ ነው። ሐይቁ ጨርሶ የደረቀው በ1997 አካባቢ ነው፣ ጎርፉ የመጣው በ1998። ላይ ያሉት ውሃ አጡ፣ ታች ያሉት በውሃ አለቁ፣ ያውም በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት። እኔ ሁለቱን ለየብቻ ነበር ምሰማቸው፣ አንዱ የድርቅ ዜና ሌላው የጎርፍ ዜና ሆኖ። ግን ዛፉ የተመነጠረ ተራራ ዝናቡን አይዝም፣ አፈሩንም አይዝም፤ አፈሩ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፣ በደንገጎ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ አንዴ ተንደርድሮ ድሬ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሥዕሉ አንድ ወረቀት ላይ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ከላይ ሐሮማያ ከታች ድሬ ሆኖ መሠራት አለበት። እዛው ወንበሩ ላይ ነው የወሰንኩት።

ከሰሉንም ከድሬ ገዛሁ። የሥዕል ከሰል አይደለም፣ እቤት ቡና ሚፈላበት የግራር ከሰል፣ አንድ ፌስታል ሙሉ። የሥዕል ከሰል ሚባለው ለስላሳ ነው፣ ከቀጫጭን የሐረግ ወይም የአኻያ ቅርንጫፍ ነው ሚሠራው፣ በጣት ስትነካው ይበናል። የግራሩ ግን ደረቅ ነው፣ አንዳንዱ ጫፉ እንደ ምስማር ወረቀቱን ይቧጭራል፣ ድምፅ አለው፣ ጥርስ ያስነክሳል። ለድንጋዩ ድምፅ ሚሆነው እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። እና ደግሞ እውነቱን ለመናገር የተራራው ዛፍ ያለቀው በከፊል ለዚሁ ከሰል ስለሆነ በሌላ ነገር ብስለው ደስ አይለኝም ነበር።

ሚኒባሱ ከድሬ ሙቀት ተነስቶ የደንገጎን ጥምዝምዝ ሲይዝ ከአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብርድ ይመታሃል፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር። በመስኮት ማየው ተራራ ገደላ ገደሉ ሁሉ ታርሷል፣ እርከን፣ ማሽላ፣ ጫት፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ። ረዳቱ ወረቀቴን ጣሪያ ላይ ልሰረው ብሎ ነበር፣ እምቢ አልኩ፣ ጭኔ ላይ ይዤው ወጣሁ።

ሐሮማያ ወረድኩ። ያየሁት ነገር ቆንጆ ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ውሃ አለ፣ ወፍ አለ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ በጣም አረንጓዴ። ለኔ ከባዱ ነገር ደግሞ እሱ ነበር። የአካባቢ ውድመት ስንል ሁሌ ቡናማና ግራጫ ነገር ነው ምናስበው፣ እዚህ ግን ውድመቱ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ሐይቁን የጠጣው ጫቱና አትክልቱ ነው፣ በሞተር እየተሳበ፣ በዛ ላይ ሐረር ከተማ ራሷ ለብዙ ዓመት ስትጠጣ የኖረችው ከዚሁ ሐይቅ ነው፣ ከተራራው ሚመጣው ደለል ደግሞ ከስር እየሞላው። ሰው ከላይ ይቀዳል፣ አፈር ከታች ይሞላል፣ ፀሐይ ቀሪውን ይወስዳል። አሁንም ዳሩ ላይ ሞተሮች ቁጭ ብለዋል፣ ቱቦው ሣር ውስጥ ተጋድሟል፣ ስትራመድ እያየህ ካልሆነ ያደናቅፍሃል።

አንድ ሽማግሌ ሞተራቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አባባ ይሄ ቱቦ እስከ የት ይሄዳል አልኳቸው። በእጃቸው ኮረብታውን አሳዩኝ። ውሃው እንደ ድሮው ዳግም ቢጠፋስ አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና "ሲጠፋ እዚሁ ነበርኩ" አሉ። "መሬቱ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ከስር ቀዳን። ማሽላ ዘርቼ ልጅ አላስተምርም፣ ልጆቼን ያስተማረልኝ ጫት ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?" መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ግን አንድ ነገር እዛው ወሰንኩ፣ ሥዕሉ ላይ ጨካኝ ፊት አይኖርም። እንዲህ ዓይነት ሥዕል ውስጥ ጥፋተኛ መፈለግ ቀላል ነው፣ ጥርሱን ያገጠጠ ሰው ስለህ ትገላገላለህ። የሳቸውን ፊት እንደዛ ብስል ውሸት ነው ሚሆነው። ቱቦውን ነው ማገዝፈው፣ ከተራራውም ከሰውም በላይ።

ዩኒቨርሲቲውን በአጥሩ በኩል አልፌ፣ አወዳይን በሚኒባስ መስኮት ብቻ አይቼ (የጫት ገበያው ያን ሰዓት ሰው አያሳልፍም) ሐረር ገባሁ። ጀጎል ውስጥ አንዲት እትዬ ሚያከራዩት ክፍል አግኝቼ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ቸከልኩት፣ እሳቸውም መሬቱን እንዳላበላሽ አሮጌ ምንጣፍ አነጠፉልኝ።

ሐረር ሲባል እኔ መጀመሪያ ማስበው ሰዓሊውን ገብረክርስቶስ ደስታን ነው። እዚህ ነው የተወለደው፣ በ1932 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ተምሮ ኤክስፕሬሽኒዝም ሚባለውን የአሳሳል ስልት ይዘው ከመጡት ውስጥ ቀዳሚው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ያየነውን በትክክል መሳል ነው ጎበዝ ሚያስብለው ብለን ያደግን ነን፣ እሱ ግን ቅርፁ ቢጣመም፣ ቀለሙ ቢጮህ ምንም አይደለም፣ ውስጥ ያለው ይውጣ ነው ያለን በሥራው። በስደት ሞተ፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ። ያኔ የግብርና ኮሌጅ የነበረውን የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አብሮ ያቋቋመው ደግሞ አሁን የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሚባለው ነው። ምንም ሚያገናኘው ነገር የለም አውቃለሁ፣ ግን ያን ምሽት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ አፈርና ውሃ ሊያስተምሩን ከዛ መጡ፣ ይሄን አፈር ሊስል የሚችለው ልጅ እዛ ሄዶ ሞተ።

ሥራውን እንዲህ ነው ያደረግኩት። ከሰሉን ግማሹን በሙቀጫ ወቅጬ አደቀቅኩትና በጨርቅ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አጠቆርኩት፣ ምንም ነጭ አልተውኩም። ከዛ ውሃውን አልሳልኩትም፣ ፋቅሁት። በዳቦ። ላጲስ ሳይመጣ በፊት ሰዓሊዎች ከሰል ሚያጠፉት በዳቦ ልብ ነበር፣ አሁንም ለትልቅ ሥራ ከላጲስ ይሻላል፣ ወረቀቱን አይልጠውም። እትዬ ዳቦ ስጨፈልቅ አይተው ቅር አላቸው፣ ካለቀ በኋላ ለዶሮዎች እንዳይሰጥ ጠቆረ ብለው። እውነታቸውን ነው፣ የሚበላ ነገር ነው። የግድ ሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ ተጠቀምኩ።

ለጓደኛዬ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። አንዴ በከሰል የጠቆረ ወረቀት ምንም ብትፍቀው ወደ በፊቱ ነጭ አይመለስም። ግራጫ ነው ሚሆነው፣ ውስጥ ውስጡ ጥቁሩ ይቀራል። የተመለሰው ሐይቅ በትክክል እሱን ነው ሚመስለው። ውሃ አለ፣ ግን በፊት እስከ 8 ሜትር ይጠልቅ ነበር ሚባለው ሐይቅ አይደለም፣ ከስሩ ደለሉ አለ፣ ዳሩ ላይ ሞተሩ አለ። ስለዚህ ከላይ ሐይቁን ግራጫ አድርጌ ተውኩት፣ ከሱ ውስጥ ቱቦዎቹን በጥቁር በጥቁሩ አወጣኋቸው፣ የሰው ወገብ ያህል ወፍራም፣ ተራራውን ጠምጥመው። ከታች ድሬን ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ተውኳት፣ ቤት የለ ሰው የለ፣ ምክንያቱም ሻይ ሻጯ ማንም አላየም ብላኛለች። ድንጋዩን ብቻ በደረቁ የግራር ከሰል ቧጨርኩት፣ በሙሉ ክንዴ፣ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ተቀደደ፣ አልለጠፍኩትም።

ያስቸገረኝ መሃሉ ነው። ከላይ ሐይቅ ከታች ጎርፍ፣ መሃሉ ላይ ምን ይሁን? መጀመሪያ የውሃ መስመሩን ላደርግ አሰብኩ። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር በጣም ተቸገረች፣ በኋላ ውሃ የተሳበላት ከድሬ በኩል ከሐሰሊሶ ጉድጓድ ነው፣ ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ ወደ ላይ። ድሮ ውሃ ከሐይቁ አጠገቧ ነበር ሚመጣላት፣ አሁን ከቆላ ወደ ደጋ ይገፋላታል። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ስስለው ኢንጂነር የነደፈው ፕላን መሰለ፣ ምንም አልተሰማኝም፣ አጠፋሁት።

እትዬ ቡና ይዘው ገብተው ቆመው አዩት፣ ብዙ አዩት። ከላይ ያለውን "ይሄ ሐሮማያ ነው" አሉ ሳልነግራቸው። ከዛ ጣታቸውን መሃሉ ላይ አድርገው "ወረፋውስ የታለ?" አሉኝ። የምን ወረፋ እትዬ ስላቸው ቁጭ ብለው ነገሩኝ፣ ውሃ የጠፋ ጊዜ ጀሪካን ከሌሊት ጀምሮ ሲሰለፍ፣ ሰው ሲተኛ ጀሪካኑ ቦታ ሲጠብቅ፣ በገመድ አንዱን ከሌላው እያሰሩ እንዳይሰረቅ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው፣ ሰርግ ያለበት ቤት ውሃ በቦቴ ሲገዛ። "ሰው አትሳል፣ ጀሪካኑን ሳል፣ እኛው ነን" አሉ።

ሳልኩት። ከቱቦዎቹ ጫፍ ጀምሮ እስከ ጎርፉ ድረስ ሚወርድ የጀሪካን ሰልፍ፣ በገመድ የታሰረ፣ አፉ ሁሉ ክፍት፣ እያንዳንዱ ትንሽ ዘመም ያለ። ቁመታቸው ወደ ታች ሲወርድ እየጨመረ ነው ሚሄደው፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ከጎርፉ ድንጋዮች ይበልጣሉ። አሁን መሃሉ ከሁሉም በላይ ነው ሚከብደው።

ከሰሉ እንዳይበን ስፕሬይ መንፋት ነበረብኝ፣ ከተነፋ በኋላ ግን መፋቅ አይቻልም። እስካሁን አልነፋሁትም። እትዬ ጎረቤቶቻቸውን ሊጠሩ ነው፣ ከነሱ ውስጥ አንዷ ሐሮማያ ዳር ያደጉ ናቸው አሉኝ፣ ሚያስተካክሉት ነገር አይጠፋም።