ካርዱ አልተቃጠለም ነበር፦ ዊንዶውስን እንደገና ከጫንሁ በኋላ ስለ ዋይፋይ ድራይቨር የተማርሁት

ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ አንድን የኮምፒውተር ዕቃ እንዲያሠራ የሚያስችለው ፕሮግራም፣ ጣጣ ነው፤ ይልቁንም ኢንተርኔት የሚያመጣልን ዋይፋይ ራሱ ድራይቨር አጥቶ ሲቀር፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ያው ኢንተርኔት ሲያስፈልግ። ይህን የምጽፈው እዚህ ጎንደር ውስጥ ላፕቶፑን በቦርሳው ይዞ ወደ ጥገና ቤት ለመሄድ የተነሣ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት እንዲያነበው ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ደኅና የነበረ የዋይፋይ ካርድ “ተቃጥሏል” ተብሎ ሌላ እንድገዛ ባልተጠየቅሁ ነበር።

ላፕቶፑ በ2012 ዓ.ም. የተገዛ ሲሆን የፊዚክስ ማስታወሻ፣ ፈተናና የተማሪዎች ውጤት የምሠራበት ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲንቋቋ ከርሞ በመጨረሻ ሞተ፤ በምትኩ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 11 ጫንሁ። ፋይሎቼ በሌላ ዲስክ ተቀምጠው ስለነበር የጠፋብኝ ነገር የለም። 8 ጊጋባይት ፍላሽ አዘጋጀሁ፣ ባዮስ ውስጥ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ላፕቶፑ ከፍላሽ እንዲነሣ አደረግሁ፣ ጫንሁ፤ ስለዚህኛው ክፍል ከዚህ የበለጠ የሚነገር የለም።

የመጀመሪያው መሰናክል ዊንዶውስ 11 ከኢንተርኔት ካልተገናኘሁ አልቀጥልም የሚልበት ገጽ ነው። ዋይፋዩ ድራይቨር ስለሌለው በዝርዝሩ ላይ አንድም ኔትወርክ አይታይም። ይህን የሚፈታው ስልክ ነው፤ አንድሮይድ ስልክን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ማብራት በቂ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ስልኩ ራሱ በዋይፋይ ከተገናኘ ያንኑ ዋይፋይ በገመዱ ወደ ላፕቶፑ እንደሚያሳልፍ ነው፤ ስለዚህ የቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ያለው ሰው የዳታ ጥቅሉን መጨረስ የለበትም። እኔ ግን ቤቴ ዋይፋይ ስለሌለኝ በዳታ ተገለገልሁ።

ከገባሁ በኋላ ዲቫይስ ማናጀርን፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ ገጽ፣ ስከፍት ቢጫ ምልክት የተለጠፈባቸው ዕቃዎች ተደርድረው አገኘሁ። የማይክሮሶፍት መመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት (የዊንዶውስ የራሱ የማደሻ አገልግሎት) ድራይቨሮችን ፈልጎ ያመጣል ይላል፤ እውነትም የስክሪኑን፣ የድምፁንና የመዳሰሻውን አመጣ። “ኔትወርክ ኮንትሮለር” የሚል ስም የያዘው አንድ ዕቃ ግን ስሕተት ቁጥር 28 እያሳየ ቀረ። የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያሉት ፋይሎች ትልልቅ ናቸው፤ የዳታ ጥቅሌም አልቆ ነበር። በዚህ ምክንያት የመስመር ኢንተርኔት ያለው ቦታ ይሻላል ብዬ ላፕቶፑን ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ የጥገና ቤት ወሰድሁት።

ባለሙያው በአክብሮት ተቀበለኝ። “መምህር፣ ይቀመጡ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም” አለና አንድ ፍላሽ ሰካ። ፍላሹ ላይ ያለው ለሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር የሚሆኑ ድራይቨሮች በአንድ ላይ የታጨቁበት ጥቅል ነው። የዋይፋዩን ብቻ እንዲጭን ነገርሁት፤ ጥቅሉ የጎደለውን ራሱ ያውቃል ብሎ ሁሉንም እንዲጭን ለቀቀው። ጥቅሉም ድራይቨር ያልነበረውን ዋይፋይ ብቻ ሳይሆን በደንብ ይሠራ የነበረውን የስክሪን ድራይቨር ጭምር በሌላ ተካው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ የስክሪኑ ብርሃን አልቀንስም አልጨምርም አለ፤ ዋይፋዩም ስም አገኘ እንጂ አልሠራም፤ ስሕተቱ ከ28 ወደ 10 ተቀየረ።

“መምህር፣ ካርዱ ተቃጥሏል” አለኝ ያን ጊዜ። “በዚህ ዕድሜው የሚጠበቅ ነው። ወይ ካርዱን እንቀይረው፣ ወይ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዋይፋይ ይግዙ።”

“ከመጫንህ በፊት 28 ነበር፤ አሁን 10 ሆነ። የተቃጠለ ዕቃ ቁጥር ይቀያይራል?” አልሁት።

“ያው ነው መምህር፤ ሁለቱም አይሠራም ማለት ነው።”

ያው አይደለም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይህች መልስ ናት፤ ምክንያቱም በየቀኑ ከሰው ገንዘብ እየተቀበለ ዲቫይስ ማናጀርን የሚከፍት ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የእነዚህ ቁጥሮች ልዩነት ነው። 28 ማለት ለዕቃው ምንም ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። 10 ማለት ድራይቨር አለ፣ ዕቃው ግን መነሣት አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም መንሥኤው የማይስማማ ድራይቨር ነው። 43 ዕቃው ራሱ ችግር እንደገጠመው ለዊንዶውስ ሲያስታውቅ፣ 52 ደግሞ የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ ሊረጋገጥ ሳይችል ሲቀር የሚመጣ ነው። ከሁሉም በላይ፣ በእርግጥ የሞተ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። የእኔው ግን መለያ ቁጥሩን አሟልቶ ይናገር ነበር፤ ተጠርቶ አቤት ያለን ሰው ሞቷል አይባልም።

ላፕቶፑን ይዤ ወጣሁ። ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ብጽፍ የተሰጠኝ መልስ የላፕቶፑ ሞዴል ዊንዶውስ 11ን በይፋ ስለማይደግፍ አዲስ አበባ ወዳለው ፈቃድ ያለው የጥገና ማዕከል እንድወስደው የሚል ሆነ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ፋይል ለመጫን ይህን ያህል መንገድ ሂድ የሚል መልስ የሚጽፍ ሰው ስሕተቱ ስንት ቁጥር እንደሆነ እንኳ አለመጠየቁ አሁንም ይከነክነኛል።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ራሴ ያዝሁት። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የካርዱ ማንነት ነው፤ የላፕቶፑ ሞዴል ይህን አይነግርም፤ የአምራቹ ገጽ ላይ ለእኔው አንድ ሞዴል ሦስት የተለያዩ የዋይፋይ ድራይቨሮች ተቀምጠው ነበር፤ አምራቾች ያንኑ ሞዴል ባገኙት ካርድ ስለሚገጣጥሙት ነው። እውነተኛው መለያ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ነው፦ ዕቃው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ከተዘርጋፊው ዝርዝር ሃርድዌር አይዲስ። ቪኢኤን ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የካርዱን ሠሪ፣ ዲኢቪ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ ደግሞ ዓይነቱን ያሳያሉ። 8086 ኢንቴል ነው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የፕሮሰሰር ስም ስለሆነ አይረሳም። 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ፣ 168ሲ ኳልኮም አቴሮስ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም ነው። የእኔ 10ኢሲ፣ ቀጥሎም ሲ821 ይላል፤ የሪልቴክ 8821ሲኢ ማለት ነው። ከሦስቱ ፋይሎች የሚሆነኝ የትኛው እንደሆነ በዚያው ለየሁ።

ፋይሉ ለዊንዶውስ 10 የተዘጋጀ ነበር። የአምራቹ ሰዎች ዊንዶውስ 11 ላይ አይሆንም ይላሉ፤ እኔ ግን ለ64 ቢት ዊንዶውስ 10 የተሠራ የዋይፋይ ድራይቨር ዊንዶውስ 11 ላይም ብዙውን ጊዜ እንደሚሠራ ስለማውቅ ምክራቸውን አልተቀበልሁም። ከጥቅሉ አውጥቼ ከፎልደሩ እንዲጭን ሳዝዘው ግን ዊንዶውስ “ለዕቃው የሚስማማው የተሻለው ድራይቨር አስቀድሞ ተጭኗል” ብሎ መለሰልኝ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የተሻለው ይኸው ነው ካለ ጥገና ቤቱ እውነቱን ነው ማለት ይመስላልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ዕቃ ሁለት ድራይቨሮች ሲያገኝ በቅድሚያ የሚያየው ከሃርድዌር አይዲው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ ነው፤ እኩል ከሆኑ ቀኑ የቅርብ የሆነውን፣ በቀንም እኩል ከሆኑ የእትም ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ድራይቨሩ በዚያ ካርድ ላይ በእርግጥ መሥራት አለመሥራቱ በዚህ ምርጫ ውስጥ አይገባም። ከጥገና ቤቱ ፍላሽ የመጣው ድራይቨር ቀኑ ከአምራቹ ፋይል የቀረበ ስለነበር፣ የማይሠራው የሚሠራውን አላስገባም አለው። “የተሻለ” የተባለውም በዚህ መለኪያ ብቻ ነው። ድራይቨር ሁልጊዜ አዲሱን ጫኑ የሚለውን የተለመደ ምክር የማልቀበለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ አምራቹ ለዚያው ላፕቶፕ ያስቀመጠው አሮጌ ፋይል ከየትም ከመጣ አዲስ ፋይል ይበልጣል።

ስለዚህ የማይሆነውን ከሥሩ መንቀል ያስፈልጋል። ዕቃውን ከዲቫይስ ማናጀር አንኢንስቶል ስናደርግ ድራይቨሩም አብሮ እንዲወገድ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ይመጣል፤ እርሱ ላይ ምልክት ካልተደረገ ፋይሉ በዊንዶውስ የድራይቨር ማከማቻ ውስጥ ስለሚቀር ያው ተመልሶ ይጫናል። እኔ ምልክት አድርጌም ሌላ ቅጂ ብቅ አለ፤ ጥቅሉ ከአንድ በላይ አስቀምጦ ነበርና። ያን ጊዜ ፒኤንፒዩቲል የሚባለውን፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የትዕዛዝ መሣሪያ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ከፈትሁ። ላፕቶፑ ላይ የተጨመሩትን ድራይቨሮች በሙሉ ኦኢኤም በሚል ስምና በተራ ቁጥር ዘርዝሮ ያሳያል፤ ከኔትወርክ ክፍል የሪልቴክ የሆኑትን ለይቼ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን የስልኩ ገመድ ተነቅሎ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት በመካከሉ የራሱን ይዞ ይገባል።

ስሕተቱ ወደ 28 ሲመለስ ደስ አለኝ፤ ንጹሕ ሆኗል ማለት ነውና። ቀጥሎ ላፕቶፑን ሺፍት ተጭኜ በመያዝ ሻት ዳውን አልሁት። ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ሲዘጋ ፈጣን መነሻ በሚባለው አሠራር የሥርዓቱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚተኛ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሺፍት ይህን ያስቀራል። ቻርጀሩን ነቅዬ የማብሪያውን ቁልፍ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ተጭኜ ቆየሁና አበራሁት። ከዚያ የአምራቹን ፋይል ጫንሁ። ቢጫው ምልክት ጠፋ፤ የጎረቤቶቼ ኔትወርኮች ተዘረዘሩ። “ተቃጥሏል” የተባለው ካርድ እስከ ዛሬ ያለ ምንም እንከን ይሠራል። የስክሪኑን ብርሃን ያስተካከልሁት ሮል ባክ ድራይቨር በሚለው ቁልፍ ነው፤ የቀድሞውን በአንድ ክሊክ መለሰው።

ዲስካቸው ገና ደኅና ለሆነ ሰዎች የምመክረው ከፎርማት በፊት የሚደረግ ነገር ነው። ያው ፒኤንፒዩቲል ኤክስፖርት በሚለው ትዕዛዝ ላፕቶፑ ላይ የተጨመሩትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር ይገለብጣቸዋል፤ ያንን ፎልደር ወደ ፍላሽ ማሸጋገር ነው። ኢንተርኔት አለና ለምን እደክማለሁ የሚል ካለ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያስታውስ፤ ያን ጊዜ በፍላሽ የተቀመጠ ድራይቨር የሌለው ሰው ላፕቶፕ ይዞ ምን ያደርግ ነበር?

ባዮስን ስለማደስም ጥገና ቤቶች እንደ ቀላል ነገር ሲናገሩ እሰማለሁ። ለድራይቨር ችግር ሲባል ባዮስ አይነካም ባይ ነኝ። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ በሚችልበት ከተማ፣ በመካከል የተቋረጠ የባዮስ እድሳት ላፕቶፑን ጨርሶ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል፤ የግድ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ብቻ ይሁን።

ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥም እንዳልተዘጋ ከተረጋገጠ፣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማስነሣትም ካልመለሰው፣ ያን ጊዜ መቀየር ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ገበያ ላይ ያለ ካርድ ሁሉ በሁሉም ላፕቶፕ አይሠራም፤ ለምሳሌ ኢንቴል ኤኤክስ201 የሥራው ከፊል በኢንቴል ፕሮሰሰሩ በኩል የሚከናወን ስለሆነ ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ ቢገጠም አይነሣም። ሻጩ ካርዱን እዚያው ገጥሞ፣ ዊንዶውስ መለያ ቁጥሩን ሲያነበው በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘቡን አትስጡ።