እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት

ቤሩት 8 ዓመት ሠርቼ ጅማ ስመለስ፣ ስልክ በደንብ እችላለሁና ኮምፒውተርም አይከብደኝም ብዬ ነበር። ሥልጠናው ላይ ግን ጣቴ መጀመሪያ የሄደው ወደ ስክሪኑ ነው። ነካሁት፤ ምንም የለም። ማውሱ አጠገቤ ነበር፤ አያያዙን አላውቅም።

የፊታችን ሐሙስ የመሠረታዊ ዲጂታል ክህሎት የተግባር ምዘና አለብኝ። አሠልጣኛችን እንደነገሩን መዛኙ ወረቀት ሰጥቶ ቆሞ ያያል። በስምሽ ፎልደር ክፈቺ፣ ደብዳቤ ጽፈሽ እዚያ ውስጥ አስቀምጪ፣ በኤክሴል ሒሳብ ሥሪ፣ ፋይሉን በኢሜይል ላኪ። ውጤቱ ወይ «ብቁ» ነው፣ ወይ «ገና ብቁ ያልሆነ»።

የሚያስጠናኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ትዕግሥተኛም ነው። ግን ትንሽ ስቆም «ቆይ አክስቴ፣ እኔ ላሳይሽ» ይልና ማውሱን ይወስዳል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «አየሽ?» አዎ፣ አየሁ። እሱ ሲነሳ እጄ ምንም አያውቅም።

ይሄን ነገር ከቤሩት አውቀዋለሁ። ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ለእናቴ ብር ስልክላት ፎርሙን የምትሞላልኝ ጓደኛዬ ነበረች። እሷ ደግ ናት፣ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓመት የራሴ ጉዳይ በሰው እጅ ነበር ያለቀው።

ስለዚህ ልጁን ለመንኩት። «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። በአፍህ ብቻ ንገረኝ።» የመጀመሪያው ማታ ለሁለታችንም ከባድ ነበር። አንድ ፎልደር ከፍቼ ስሙን ለመቀየር ቡና ሦስተኛው ደረሰ። ግን ያን ፎልደር ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜም እከፍተዋለሁ።

ደብዳቤው ላይ ሁለት ጊዜ ተጎዳሁ። አንዴ ሴቭ አድርጌ ፋይሉን አጣሁት። ዴስክቶፕ ላይ ስፈልግ እሱ ዶክመንትስ ውስጥ ተቀምጧል። አሁን ሴቭ ከማለቴ በፊት የት እንደሚቀመጥ አነባለሁ፤ መዛኙም የሚፈልገው ባዘዘው ቦታ ነውና። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ነው። ግማሽ ገጽ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር በጻፍኩ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ እጫናለሁ።

ኤክሴልን የወደድኩት በቡና ምክንያት ነው። ወንድሜ ማና ወረዳ ውስጥ ቡና አለው፤ ደብተሩ ሁሉ በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ፈረሱላውን ቢ2 በሚባለው ሳጥን ላይ ጻፍኩ። ሲ2 ላይ የእኩል ምልክት፣ ቢ2፣ ኮከብ (የማባዣው ምልክት ነው)፣ 17 ብዬ ኢንተር መታሁ። ኪሎው ወጣ! የሳጥኗን ጥግ ይዤ ወደ ታች ስጎትት ዓምዱ በሙሉ ተሞላ። አንድ መስመር ብቻ ስህተት አለ። ለካ እዚያ ጋ «6 ፈረሱላ» ብዬ ከነቃሉ ጽፌዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚገባው፤ ቃሉ ከላይ ርዕሱ ላይ ይሁን። ይሄን ከመጽሐፍ ባነበው እረሳው ነበር። የወንድሜ ቡና ስለሆነ አልረሳውም።

የቀረኝ ኢሜይሉ ነበር። ለማን ልላክ? ቤሩት ለቀረችው ለዚያችው ጓደኛዬ። በመጀመሪያ ፋይሉን አታች ሳላደርግ ባዶውን ላክሁት። በሁለተኛው ፋይሉን አስቀደምኩ፣ አድራሻዋን በመጨረሻ ጻፍኩ። ልጁ ከኋላዬ ቆሟል፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

ማታ በኢሞ ድምፅ ላከችልኝ። «ደረሰኝ፣ ከፈትኩት። ማን ጻፈልሽ?»

በድምፅ አልመለስኩላትም። ላፕቶፑን ከፍቼ ጻፍኩላት።