ዝንጀሮው እንዳይቀድመን፦ ለልጆቼ በካርቶን የሠራሁት የመተባበር ጨዋታ

ባለፈው ክረምት የደሴ ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ከሰፈራችን አልነሳ ሲል ሦስት ልጆች ቤት ውስጥ ተከተቱብኝ። የሰባት ዓመቱ ወንድ ልጄ፣ የአራት ዓመቷ ሴት ልጄ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከኮምቦልቻ የመጣው የአምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ። ሉዶ ገዛሁላቸው። የመጀመሪያው ቀን ደህና አለፈ። በሁለተኛው ቀን ትልቁ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሲያሸንፍ ትንሿ ሰሌዳውን ገለበጠችው፤ የእህቴ ልጅም አልጋ ሥር ገብቶ "እናቴ ጋ ውሰዱኝ" እያለ አለቀሰ።

ውድድርን የምጠላ ሰው አይደለሁም። እኔም ቁጥር የለመድኩት በገበጣ ነው። ግን የአራት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ስትጫወት ገና ሳትጀምር ተሸንፋለች፤ እስከ ስድስት እንኳ በወጉ አትቆጥርም። ትልቁም ከእሷ ጋር ተጫውቶ የሚማረው ነገር የለም።

ይህን ለወንድሜ በስልክ ሳጫውተው እሱ ከሚኖርበት ከጀርመን አንድ ጨዋታ ነገረኝ። ሃባ የሚባለው የመጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው፣ አኔሊዘ ፋርካሾቭስኪ የፈጠረችው የፍራፍሬ እርሻ ጨዋታ ነው። አራት ዛፎች አሉ፤ በየዛፉ አሥር አሥር ፍሬ፣ በጠቅላላው 40። ልጆቹ ዳይስ እየጣሉ በወጣው ቀለም ፍሬ ይለቅማሉ። ከዳይሱ ፊቶች አንዱ ላይ ግን ቁራ አለ፤ እሱ በወጣ ቁጥር በዘጠኝ ቁራጭ ከተቆረጠ የቁራ ሥዕል አንዱ ይገጠማል። ሥዕሉ ሳይሞላ ፍሬው ሁሉ ከተለቀመ ልጆቹ ሁሉ አሸነፉ፤ ከሞላ ሁሉም ተሸነፉ። እርስ በርስ የሚፎካከር የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናት 16 ፍሬ ብቻ ያለው፣ ቁራው በመንገድ ላይ እየተራመደ የሚመጣበት ትንሽ ዓይነት ወጥቷል። "ልላክልሽ?" አለኝ። እስኪደርስ ክረምቱ ያልቃል ብዬ ራሴ ለመሥራት ተነሳሁ።

ችግሩ የእኔ ልጆች ቼሪ የሚባለውን ፍሬ አያውቁም። መላውን ያመጡት አባዬ ናቸው። ልጅ ሳሉ ቃሉ ውስጥ ማሽላ ጠብቀዋል፤ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው። "ቁራ ምን ያደርግላችኋል፣ ዝንጀሮ አድርጉት እንጂ!" አሉ። ቀጥለውም ዝንጀሮ ብቻውን የቆመን ልጅ እንደማይፈራ፣ ከማማ ወደ ማማ እየተጠራሩ አንድ ላይ ሲጮሁበት ብቻ ወደ ገደሉ እንደሚመለስ ነገሯቸው። ሦስቱም ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲሰሟቸው ጨዋታው ምን መምሰል እንዳለበት ገባኝ።

የብስኩት ካርቶን ዘርግቼ አራት ማሳ ሣልኩበት፤ ለማሽላ ቀይ፣ ለበቆሎ ቢጫ፣ ለባቄላ እሸት አረንጓዴ፣ ለጤፍ ነጭ። ከአንዱ ጥግ ገደል፣ ከገደሉ እስከ ማሳው አምስት እርምጃ። በየማሳው አራት አራት እህል። የሚሰበሰበው እህል የሚገባው እናቴ ከሰፋችው ትንሽ ሙዳይ ውስጥ ነው፤ ልጆቹ "ጎታ" ይሉታል።

እህሉን መጀመሪያ ያደረግሁት እውነተኛ በቆሎ፣ ባቄላና ሽንብራ ነበር። ሳይ ደስ አለኝ፤ በቤት ያለ ነገር፣ ወጪ የለው። በሦስተኛው ቀን ትንሿ አንዱን ሽንብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተችው። በጣቴ ላወጣው ስሞክር ይበልጥ ገባ። ጤና ጣቢያ ወስጃት ነርሷ በመሣሪያዋ አወጣችላት፤ እንዲህ ሲሆን ቤት ውስጥ መቆፈር እንደማይገባ፣ ሽንብራ እርጥበት ሲያገኝ እንደሚያብጥና ለማውጣት እንደሚያስቸግር ነግራኝ ተመለስን። ያን ቀን ማታ እህሉን ሁሉ ጠርጌ አወጣሁና ከሰፈር ሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ለመንኩ። አሥራ ስድስት ቆርኪ አጥቤ፣ ጠርዙን በመዶሻ አስተኝቼ፣ በጥፍር ቀለም ቀባሁት። ቆርኪ አፍንጫ አይገባም። ለትንሽ እጅም ይመቻል፤ ሙዳዩ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማውን ቅጭልታ ከጨዋታው ሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ቤታችሁ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ቆርኪም ትንሽ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ፈልጉ።

ዳይሱም ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። የካርቶኑ ማዕዘኑ ተጨፍልቆ ሁልጊዜ በአንድ ፊት መቀመጥ ጀመረ። ጎረቤታችን ያሉ አናጢ ከቁርጥራጭ እንጨት እኩል አድርገው ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ሰጡኝ። አራቱን ፊት በአራቱ ቀለም ቀባሁ፤ በቀሩት ሁለት ፊቶች ዝንጀሮ ሣልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ከሦስት ውርወራ አንዱ ዝንጀሮ ሆነና በየጊዜው ቀደመን፤ ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ። ከሁለቱ አንዱን ዝንጀሮ ፍቄ ወንጭፍ ሣልኩበት፤ ወንጭፍ የወጣለት ከፈለገው ማሳ አንድ እህል ያነሳል። ከዚያ በኋላ ሃያ ጨዋታ በደብተር መዘገብኩ። 12 አሸነፍን፣ 8 ተሸነፍን። ለእኔ ልክ ይህ ነው። ሁሌ የሚያሸንፉበት ቢሆን በሳምንት ይሰለቹት ነበር።

ወንጭፏ ሌላም ነገር አመጣች። መጀመሪያ ሁሉም ወንጭፍ ሲወጣላቸው የሚወዱትን ቀለም ነበር የሚያነሱት፤ ትንሿ ሁልጊዜ ቀይ። ቀዩ ማሳ ቶሎ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቀይ ሲወጣ የሚነሳ ነገር የለም፤ ውርወራው ባዶ ይቀራል፣ ዝንጀሮው ግን በየመሃሉ ይራመዳል። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ዳይሱን በእጁ እንደያዘ ዝም ብሎ ሰሌዳውን አየና "ብዙ ከቀረበት እናንሳ፣ እንዲያ ከሆነ የትኛውም ቢወጣ እህል አለ" አለ። የአምስት ዓመት ልጅ ነው! አባዬ ከመደባቸው ተነስተው ግንባሩን ሳሙት።

አሁን በጣም ያስቸገረኝን ላውራ። ተባብረው ይጫወቱ ብዬ አንድ ወገን ሳደርጋቸው ትልቁ አዛዥ ሆነ። "ይሄን አንሺ፣ ያንን ተይው፣ ስጪኝ እኔ ልወርውርልሽ።" ሁለቱ ትንንሾች የእሱ እጅ ሆነው ቀሩ። ሉዶ ላይ ቢያንስ የራሳቸው ጠጠር ነበራቸው። ሥራ ልስጠውና ዝም ይበል ብዬ ዝንጀሮውን የማራመዱን ኃላፊነት ሰጠሁት፤ ይባስ ብሎ ለዝንጀሮው ወገነ! ዝንጀሮ በወጣ ቁጥር እየሳቀ ይራመዳል፣ ትንሿ ታለቅሳለች። ባላጋራውን ለአንድ ልጅ መስጠት ልክ እንዳልሆነ ያኔ ተማርኩ። ዝንጀሮውን አሁን የሚያራምደው ያን ጊዜ ዳይሱን የጣለው ነው፤ ሲራመድም ሁሉም "ሆ!" ብለው ይጮሁበታል።

ለአዛዥነቱ መፍትሔው ከአባዬ ማማ መጣ። ዳይሱ ያለው ልጅ "ማማ ላይ ነው" አልን። ማማ ላይ ያለ እሱ ያያል፣ እሱ ይወስናል። ሌላው ምክር የሚሰጠው "ምን ትመክሩኛላችሁ?" ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ትልቁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሩን ነክሶ፣ እጁን ከጭኑ ሥር ከትቶ ነበር የሚቀመጠው። ለእኔም ከባድ ነበር። ትንሿ ነጩን ልታነሳ እጇን ስትሰድ "ቢጫው ይሻላል" ማለት አፌ ላይ ይመጣል። እናት ከተናገረች ጨዋታው የእናት ይሆናል። ዝም ማለትን የለመድኩት ከልጄ ጋር አብሬ ነው።

አንድ የምጸጸትበት ነገር አለ። ዝንጀሮው አራተኛው እርምጃ ላይ ሆኖ ሁለት እህል ብቻ ሲቀር ዳይሱ ዝንጀሮ አመጣ። ትንሿ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ሳይ ዳይሱን የማነሳ መስዬ በጣቴ ገለበጥኩት። ትልቁ አየኝ። "እማ፣ ነክተሽዋል" አለ። ሳምንት ሙሉ እኔ በጣልኩ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ያየኝ ነበር። ከእንግዲህ ማቅለል ስፈልግ ጨዋታው ሳይጀመር በግልጽ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ፦ "ዛሬ ደክሟችኋል፣ ዝንጀሮው ስድስት ይራመድ።" እነሱም አንዳንዴ "አይ፣ በአምስት" ይላሉ።

አባዬ መጀመሪያ ላይ "ልጅ መሸነፍን ካልለመደ ነገ እንዴት ይሆናል?" ብለው ነበር። አሁን ሲሸነፉ ያዩዋቸዋል። ማንም ሰሌዳ አይገለብጥም። ያን ሰሞን ትንሿ ወንጭፍ ወጥቶላት ያለቦታው አነሳች፤ ቀጥሎ ዝንጀሮው ማሳ ገባ። ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ገብቷት ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። "አብሽሪ፣ ድጋሚ እንጫወታለን" አላትና ቆርኪዎቹን ወደየማሳቸው መመለስ ጀመረ።

የእህቴ ልጅ መስከረም ሳይጠባ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ፤ ለእሱ ሁለተኛ ሰሌዳ እየሠራሁ ነው። በስልክ ዝንጀሮ ሰልችቶኛል፣ ጃርት ይሁን ብሏል። ትልቁ ደግሞ ጃርት የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ወንጭፍ አይሠራም፣ ፋኖስ መሣል አለበት እያለ ይከራከራል። የፋኖሱ ሕግ ምን እንደሚሆን ገና አልተስማሙም።