የ18 ሰከንድ ሥራ

ሐምሌ ውስጥ አንድ የማውቃቸው ጋሼ ደወሉልኝ። ከአንድ ኤፍኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት። ስፖንሰር አለ፣ አዘጋጅ አለ፣ ረዳት አዘጋጅም አለች። ጂንግል፣ የፕሮግራሙ መለያ የሆነች አጭር ዜማ፣ ግን የለም።

«ምን አላት ይቺ ነገር፣ 20 ሰከንድ አትሞላም» አሉኝ። ዋጋ ከማውራታችን በፊት ነው እንግዲህ።

ይቺን አባባል ለምጃታለሁ። አንዱ ደንበኛ እንዲያውም «በሰከንድ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሥጋ በኪሎ እንደሚገዛ ሰው።

ተከራክረን ተስማማን። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ።

ስቱዲዮዬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስቱዲዮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መኝታ ቤቴ ነው። አንድ ማይክ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ ሁለት ፍራሾች። ዘፋኝ ሲመጣ ቁም ሳጥኑን እከፍትና ፊቱን ወደ ልብሱ አዙሮ እንዲዘፍን አደርጋለሁ። የተንጠለጠለ ካፖርትና ጋቢ ድምፅ ይውጣል፣ ክፍሉ አያስተጋባም። ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቅጂውን ሲሰማ ዝም ይላል።

«ሞቅ ያለ፣ ዘመናዊ፣ ግን የኛ የሆነ» አሉ ጋሼ። ደንበኛ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ቀጥለው «ደግሞ ቡና ሲወቀጥ፣ ሲኒ ሲንኳኳ ቢሰማበት» አሉ። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ሲኒ ማንኳኳት ይወዳል። አንዳንዱማ ረከቦቱን ከነጀበናው ነው የሚከተው። ታዲያ አድማጭ ሲኒ ሲሰማ የማን ቤት እንደገባ በምን ያውቃል? ጂንግል እኮ ስም መጥሪያ ነው።

ይህን የተማርኩት ከአባቴ ራዲዮ ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ አጭር ሞገድ ይከፍትና የጀርመን ድምፅን ይፈልጋል። ራዲዮው ያፏጫል፣ ይንሾካሾካል፣ የማናውቀው ቋንቋ ይገባል ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ እንደ ደወል ጠብ ጠብ የምትል አጭር ዜማ ብቅ ትላለች። ትደገማለች። አሁንም ትደገማለች። አባቴ «አገኘሁት» ይልና እጁን ከቁልፉ ላይ ያነሳል። ገና አንድ ቃል አልተነገረም።

ዜማዋ ቤትሆቨን ከጻፈው ብቸኛ ኦፔራ፣ ከፊዴሊዮ፣ የተወሰደች መሆኗን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሴሌስታ የሚባል፣ ፒያኖ መስሎ እንደ ደወል የሚጮህ መሣሪያ ነው የሚጫወታት። የምትደጋገመው ለጌጥ አልነበረም። አድማጩ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ቁልፉን እያዞረ እስኪደርስባት ትጠብቀዋለች። አባቴ ቤትሆቨን ማን እንደሆነ አያውቅም። ዛሬም ግን ዜማዋን ባፏጭለት «ዝም በሉ፣ ዜና ሊጀምር ነው» ይላል።

እናም ለጋሼ «ግጥሙን ትተን መጀመሪያ አምስት ኖታ እንፈልግ» አልኳቸው። ግጥሙን ግን ጽፈው ጨርሰው ነበር። ስምንት መስመር። ሁለቱ የስፖንሰሩ አድራሻ ነው።

ቅኝት ላይ ብዙ ቆየሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ትዝታ ነበር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እጅ ላይ ይቀላል፣ ጆሮም አይከብደውም። ጋሼ ሰሙና «ጥሩ ነው፣ ግን ሰው የሞተ አስመሰለብኝ» አሉ። ቀስ ብዬ ተጫውቼው ስለነበር ነው እንጂ ትዝታ ለቅሶ ብቻ አይደለም። ይሁንና አልተሟገትኩም። ወደ ባቲ ዞርኩ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። እዚያ ሚና ፋ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፣ ሲም ወደ ላይኛው ዶ ለመግባት ትቸኩላለች። ያ ጥድፊያዋ ለጠዋት ይሆናል። አንቺሆዬንም ነካክቼው ነበር። ለራሴ ደስታ እንጂ ለሥራው አልነበረም።

ክራር የሚጫወትልኝ ልጅ የመጣው ማታ ነው። ቀን ቀን እኛ ፎቅ ላይ መቅዳት ዘበት ነው። ከላይ ሙቀጫ፣ ከታች ብየዳ፣ ሐምሌ ደግሞ ዝናቡ መስኮት ይደበድባል። ልጁ ክራሩን ለባቲ ሲቃኝ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሁለቴ ቀድተን ክሮቹ ይረግባሉ፣ እንደገና ቅኝት። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቆንጆ ቅጂ አገኘን። ልክ ስንጨርስ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ፋይሉ ተረፈ። ልጁ ግን ራይድ እስኪመጣ በስልክ መብራት ሻይ ጠጣ።

ግጥሙን ወደ ሁለት መስመር አወረድነው።

ቅዳሜ ነው ጠዋት፣ ዋና ዋና ወሬ
ከቤት ከጎዳናው፣ ይዘናል ለዛሬ።

ቤት ይመታል፣ አፍ አይይዝም፣ አድራሻም የለበትም። ዘፋኟ ድምፀ መረዋ ናት። ቁም ሳጥኑ ፊት ቆማ ሦስቴ ዘፈነች። «ዋ» ላይ ስትደርስ ዘለግ አድርጋ ትስበዋለች፣ ጥፍጥ ይላል። «እዚያ ላይ ጨምሪበት» አልኳት። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በኋላ እሷ ላይ መላከክ አልችልም።

በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ኩራት ተሰማኝ። ክራሩን ግራና ቀኝ በሚያሰፋ ፕሮግራም ለጥጬዋለሁ፣ ክፍሉን ሙሉ የከበበህ ይመስላል። ከበሮው ሆድ ውስጥ ይገባል። መግቢያው 18 ሰከንድ፣ መሸጋገሪያው 6፣ መዝጊያው 10። ከአዘጋጁ ንግግር ሥር የሚሄድ ያለ ዘፈን ማጀቢያም ሠራሁ። እሱ ላይ የክራሩን መካከለኛ ድምፅ ቀነስኩት፣ የሰው ንግግር የሚቀመጠው እዚያው ስለሆነ። ላክሁ። ጋሼ «ተባረክ» ብለው መለሱ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ጆሮዬን ይዤ ታክሲ ገባሁ። ከጀሞ ሜክሲኮ። ሆን ብዬ ነው። ጂንግል የሚሰማው ሰው እኔ ክፍል ውስጥ የለም፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው ያለው። ጋቢና ተቀመጥኩና ሹፌሩን ጣቢያ እንዲቀይርልኝ ለመንኩት። 3 ሰዓት ሞላ።

ክራሩ የለም።

ዘፋኟ አለች። ከበሮው ጧ፣ ጧ ይላል፣ ያ ሆድ የሚገባው ድምፅ ግን ጠፍቷል። ክራሬ የት ሄደ? ስልኬ ላይ ፋይሉን ከፈትኩ፣ አለ። ራዲዮው ላይ የለም። እሱን ሳልጨርስ ከኋላዬ ረዳቱ ለተሳፋሪው እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ «ዋና ነው ያለችው? በዚህ ብርድ የት ሊዋኙ ነው?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። «ዋና» «ና» ጠብቆ ሲነበብ አውራው፣ ተቀዳሚው ነው። ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ ነህ። ፊደላችን ይህን አያሳይም፣ «ሰፊ»ም «አለ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ አንባቢው ከአገባቡ ነው የሚለየው። ስንናገር ችግር የለም። ሲጠብቅ ፊደሉ ላይ ቆም እንላለን፣ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጠር ይላል። ዘፈን ግን ይህን ሚዛን ያፈርሳል። «ዋ»ን ስበህ ስበህ «ና» ላይ በቶሎ ካረፍክ ለጆሮ የቀረው ላላ ያለው ነው። በዚያ ላይ ሁለቴ ነው የተባለው። ዋና ዋና ወሬ። የዋና፣ የዋና ወሬ።

ያን ቀን ጣቢያው የሚቀበለው አጭር መልእክት ላይ «መግቢያው ስንት ነው? ፎጣ እናምጣ?» የሚል እንደመጣ ረዳት አዘጋጇ ነገረችኝ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ስሜን ገንዳ ውስጥ ጨመርከው» አሉኝ። ትክክል ናቸው።

ሰኞ ዘፋኟን መልሼ ጠራኋት። ያላስከፈለችኝን ውለታ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ታክሲዋን ብቻ ነው የተቀበለችኝ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። «ዋ»ን አሳጠርነው። «ን»ን ለሁለት ኖታ ከፈልነው። ዋን ብላ አፏን ሳትከፍት ድምፁን በአፍንጫዋ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ና ብላ ቀጣዩ ኖታ ላይ ታርፋለች። ዋን-ና። ን ደግሞ አመቺ ፊደል ነው፣ ታንጎራጉርበታለህ። ቃሉ ላይ «ት» ወይም «ቅ» ቢሆን ኖሮ የሚጎተት ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ማቆም ነው። ዜማውም እንደዚያ የተሻለ ሆነ፣ ያቺ ማንጎራጎር አሁን የጂንግሉ ምልክት ናት።

የክራሩ ጉዳይ ግን የኔ ብቻ ጥፋት ነው። ኤፍኤም ስቴሪዮን፣ ማለትም ግራና ቀኙ የሚለያይ ድምፅን፣ የሚልከው ግራውንና ቀኙን ደምሮ አንድ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ደግሞ ሌላ አድርጎ ነው። ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ራዲዮ የሚያነሳው ድምሩን ብቻ ነው። ስቴሪዮ የሆነውም ቢሆን ሞገዱ ሲደክምበት ወደዚያው ይመለሳል። ያ ማስፊያ ፕሮግራም የሚሠራው አንዱን ወገን ከሌላው ጋር በማቃረን ነው፤ ግራው ሲገፋ ቀኙ ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ ይጣፋሉ። ማለትም እኔ ክራሩን ያስቀመጥኩት ልዩነቱ ውስጥ ነበር። ሚኒባሱ ደግሞ ልዩነት አያውቅም። ከመላኬ በፊት አንድ ቁልፍ ተጭኜ በሞኖ፣ ሁለቱን ደምሬ፣ ብሰማው ኖሮ ሁለት ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር። አልሰማሁም። ጆሮ ማዳመጫው አጠገበኝ።

አሁን ክራሩ መሐል ላይ ነው። አይከብም፣ ግን አለ። ከበሮውንም ቀየርኩት። የበር ኪስ ውስጥ የተወተፈ ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፣ ስለዚህ ሰፊውን ፊት ትቼ ጠባቡን፣ ቀጭን የሚጮኸውን ወገን አበረታሁ። እጅ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያለውን ጥፊም እንዲሰማ አደረግኩ። ላፕቶፑ አጠገብ የአባቴን አሮጌ ራዲዮ አስቀምጬ፣ የራዲዮውን ድምፅ ማጉያ ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ አገናኘሁት። አንድ የሚያውቅ ልጅ በየደልኝ። አሁን ማንኛውም ሥራ በዚያ ሳያልፍ ከቤቴ አይወጣም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያው ታክሲ፣ ያው መንገድ። ሹፌሩ ሌላ ነው። ጂንግሉ መጣ፣ ክራሩ ተሰማ፣ ዋን-ና አለች። ማንም ምንም አላለም። አንዲት እናት ረዳቱን መልስ ትጠይቃለች፣ አንድ ልጅ ስልኩን ይነካካል። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

ስለ ሁለተኛው ግማሽ ክፍያ ጋሼን መስከረም መጨረሻ ላይ ጠየቅኳቸው። «ስፖንሰሩ ሲለቅ» አሉ። ጥቅምት ላይ ጠየቅኳቸው። ኅዳር ላይ በአክብሮት ጠየቅኳቸው። ባለፈው ሳምንት ራሳቸው መልእክት ላኩልኝ። ሦስቴ አነበብኩት፣ የትኛው እንደሚጠብቅ የትኛው እንደሚላላ ለመለየት።

«ሰላም ወንድሜ፣ ለገና የሚሆን ጂንግል ቶሎ ያስፈልገናል። ክፍያው ገና ነው።»